ልጅ ይዘሽ ማስተርስ ልትጀምሪ ነው? የቴሲሱን ዓመት አስቢበት

"ልጄ ገና ጡት አልተወም፤ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ትንሽ ይደግልኝ?" ይሄን የሚጠይቁኝ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። በሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ለብዙ ዘመን አስተምሬያለሁ፣ ቴሲስ አማክሬያለሁ፤ የራሴንም ማስተርስ የተማርኩት ልጅ እያሳደግኩ ነው። መልሴ ጀምሪ ነው። ጡት ሲተው መዋዕለ ሕፃናት ይመጣል፣ ከዚያ የቤት ሥራ ማሠራት ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው ይረገዛል። ይደግልኝ ብለሽ ከጠበቅሽ ዓመታቱ ያልፋሉ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የኮርሱን ዓመት ነው፤ እኔ የምፈራልሽ ደግሞ የቴሲሱን ነው።

ኮርስ ፕሮግራም አለው። "ማክሰኞ ማታ ክላስ አለኝ" ስትዪ እናትሽም፣ ባልሽም፣ ሠራተኛዋም ይገባቸዋል። ፈተና ደረሰባት ከተባለማ ጎረቤት ሳይቀር ልጅ ይይዝልሻል። ኮርስ ሲያልቅ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ቤት ቁጭ ብለሻል፣ ስለዚህ በሰው ዓይን ሥራ ፈት ነሽ። ሠራተኛዋ ድንገት ጥላ ስትሄድ ሌላ እስክትገኝ አንቺ አለሽ፣ ክትባት የምታስከትቢው አንቺ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈዪው አንቺ፣ ለቅሶ የምትደርሺው አንቺ፣ እና ማታ ሁሉም ሲተኛ "በይ እንግዲህ ጻፊ" ይባላል፣ በዚያ ድካም። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሰው ፕሮፖዛል ላይ የቀሩ ጎበዝ ሴቶች አውቃለሁ። አቅም አላነሳቸውም፣ ሰዓት ነው ያጡት።

ስለዚህ ለቴሲስሽ ልክ እንደ ክላስ ቀንና ሰዓት ቁረጪለት። በሳምንት ሁለት ከሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ግን የማይነካ ይሁን። ደግሞ ከቤት ውጪ ነው። በር ላይ ቆሞ "እማዬ" የሚል ልጅ እያለ ሊትሬቸር ሪቪው አይጻፍም። የግቢሽ ላይብረሪ አለልሽ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ አራት ኪሎ አብርሆትም አለ።

በዚያ ሰዓት ልጁን ማን እንደሚይዝ ከመመዝገብሽ በፊት በስም ይታወቅ። ባልሽ "አይዞሽ፣ እረዳሻለሁ" ካለ ጥሩ ነው፤ ግን የትኛውን ቀን? ቅዳሜ ከሰዓት የሱ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ በሙሉ የሱ ነው፤ ማብላቱም፣ ማጠቡም፣ ሲያለቅስ ማባበሉም። አባቶች፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ እናንተንም ነው የማወራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለአባት የሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ነው፤ ቀሪውን እናንተው ከራሳችሁ ሰዓት ማውጣት አለባችሁ።

ርዕስ ስትመርጪም ልጅሽን አስቢ። ወራት ገጠር የሚያስቀምጥ ዳታ ማሰባሰብ አሁን የግድ አይደለም። የታካሚዎች ካርድ ላይ የሚሠራ ጥሩ ጥናት አለ፤ በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዳታ ላይ ብቻ በኛ ሙያ ስንት ቴሲስ ተሠርቷል! የተዘጋጀ ዳታ ላይ መሥራት ስንፍና የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጥያቄው ጥሩ ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው።

አማካሪሽ ደግሞ ልጅ እንዳለሽ ይወቅ። ከማማክራቸው አንዷ ሞግዚቷ ቀርታባት ልጇን አዝላ ቢሮዬ መጣች። ነጠላዋን ወለሉ ላይ አነጠፈች፣ ልጁን አስተኛችው፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የናሙና አወሳሰዱን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አስተካከልን። በመሃል ተነሳ፣ አጠባችው፣ ቀጠልን። ያን ቀን ብትቀር ኖሮ ቀጣዩ ቀጠሮ ከመስክ ሥራዬ በኋላ ነበር፣ ሴሚስተሩ ይሄድባት ነበር። ሁሉም አማካሪ እንዲህ ይቀበላል አልልም፤ ግን ሳይነገረው የሚገባው የለም።

የምታጠቢ ከሆነ ጡት ማለብን ክላስ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀድመሽ ተለማመጂ፣ ልጁም በሌላ ሰው እጅ መጠጣት ይልመድ። ንጹሕ ዕቃ ውስጥ የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ከፍሪጅ ውጪ ከ25 ዲግሪ የማይበልጥ ቦታ ላይ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንሽ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አልበሽ ሂጂ።

በትምህርቱ መሃል ብታረግዢስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጥሻል፤ ግን ያ የመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ነው። ሬጅስትራር በዚያ ወረቀት አይሠራም። ከትምህርት ማረፍ ካለብሽ ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት ለጊዜው የማቆሚያ ቅጽ፣ መሙላት አለብሽ፤ ሳትሞዪ ከቀረሽ እንዳቋረጥሽ ተቆጥሮ ተመልሶ መግባት ራሱን የቻለ ጣጣ ይሆናል። የመሙያውን ቀነ ገደብና የመመለሻውን ደንብ ገና በደህናው ጊዜ ጠይቂ። ሆድሽ ሳይገፋ ሄደሽ ሙዪው፣ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ተቀበዪ፣ ፎቶውን አንስተሽ ስልክሽ ላይም አስቀምጪው።