ለትምህርት ቤት ለምትሮጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ሳጥን ይዛችሁ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ተጠራርታችሁ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደብተርና ወንበር ስታሰባስቡ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት መጀመሪያ በመምህርነት፣ ኋላም በጉድኝት (በአንድ ላይ በተቧደኑ አጎራባች ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘርነት ነው። ከሽምብጥ እስከ ዘጌ፣ ሲያስፈልግም በጀልባ እስከ ደቅ ደሴት ድረስ ትምህርት ቤት ስዞር ኖሬአለሁ። ሕዝብ ባዋጣው ብር ከዳስ ወደ ብሎኬት የተሸጋገረ ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ ባዋጣው ብር ተቀይሞ ከትምህርት ቤቱ የራቀ ሰፈርም አይቻለሁ። የተቀየመው ሰፈር ከሌላው የደኸየ አልነበረም። ብር መሰብሰቡ ከሥራው ትንሹ ነው፤ ዋናው ያለው ሳጥኑ ከመዞሩ በፊትና ከተከፈተ በኋላ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ ግቡና እዩ። «ወንበር የለም» ከተባላችሁ ወደ ጓሮ ዙሩ፤ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ተከምሮ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበት የኮምባይንድ ዴስክ ስብርባሪ አታጡም። ከዚያ ውስጥ ብዙው ትንሽ ብየዳና አንድ ጣውላ ቢያገኝ ነገ ልጅ ያስቀምጣል። አንድ በያጅና አንድ አናጢ ቅዳሜና እሁድ ብታመጡ ለአዲስ ዴስክ የታሰበው ብር ለሌላ ይተርፋል። «መጽሐፍ የለም» ከተባላችሁም የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ መጋዘኑን እንዲያሳያችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከዚያ ሽንት ቤቱን እዩ፤ በተለይ የሴቶቹን። ውሃ አለው? በሩ ይዘጋል? አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ የወር አበባ ሲመጣባት የምትለውጥበት ቦታ ካላገኘች በየወሩ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ በየወሩ የምትቀር ልጅ ደግሞ ውላ አድራ ትምህርቱን ታቋርጣለች። ይህን ችግር በስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ስለሆነ እናንተ አንሡት።

ቀጥሎ የማን ድርሻ እንደሆነ ለዩ። መምህር መቅጠር፣ ደሞዝ መክፈል፣ መጽሐፍ አሳትሞ ማድረስ የመንግሥት ግዴታ ነው። ለትምህርት ከሚመደበው በጀት አብዛኛውን ደሞዝ ስለሚወስደው ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ርዕሳነ መምህራን ስኩል ግራንት የሚሉት ድጎማም አለ፤ መጥቶ እንደሆነ፣ ለምን እንደዋለ ጠይቁ። ስትጠይቁ እንደ ከሳሽ አትቁሙ። ርዕሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በላይ የተቸገረ ሰው ነው፤ አብሮት የሚጠይቅለት ወገን ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ ጊዜ የሚሉት ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መስከረም ላይ ደብዳቤ ይዞ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ወጣት የሚሰማው መልስ «በጀቱ ጸድቋል» የሚል ነው፤ እውነትም ጸድቋል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ዕቅድ በሚዘጋጅባቸው ወራት፣ ክረምት ሳይገባ፣ ከትምህርት መምሪያው ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም እናንተን ወክሎ ምክር ቤት ከተቀመጠው ሰው እጅ ይድረስ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስንት ተማሪ በአንድ ክፍል እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሴት ተማሪ በስንት ሽንት ቤት እንደምትጠቀም፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ በቁጥር ጻፉ፤ ወላጆች ይፈርሙበት፣ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ማኅተሙን ያድርግበት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በሶፍት ኮፒ ብቻ ደርሶ ብዙ ልጅ ያለ መጽሐፍ መማሩን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ስልክ ያለው አነበበ፣ የሌለው ቁጭ ብሎ አዳመጠ። እንዲህ ያለውን ጉድለት በመዋጮ ብቻ ሸፍነን ዝም ካልን በሚቀጥለው ዓመትም ያው ይመጣል፤ ስለዚህ እያዋጣችሁም ቢሆን ጠይቁ።

ከመንግሥት ድርሻ ውጭ የቀረውን ነው እንግዲህ ለሕዝቡ የምታቀርቡት። በራሳችሁ ብቻ አትጀምሩ። ወመህ አለ፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፣ የሰፈሩ እድር አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ። አልማም (የአማራ ልማት ማኅበር) ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ከአባላቱ መዋጮ እየሰበሰበ በክልሉ ትምህርት ቤት ሲሠራ የኖረ ስለሆነ የትኛውን ትምህርት ቤት በዕቅድ እንደያዘ ሳትጠይቁ ብር አታውጡ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች ካላችሁ ደግሞ ለክፍል ጥገና የሚያስፈልገውን ዕቃ ለክታችሁ ዝርዝሩን ማውጣት የእናንተ ፋንታ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ከብር የሚበልጥ ስጦታ ነው። ዋጋ ስትገምቱ ቦታውን አትርሱ። ደቅ ላይ ለሚሠራ ክፍል የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ የባሕር ዳር ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ጀልባው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ከወደቡ እስከ ግቢው የሚሸከመው ሰው አብረው ይታሰባሉ።

ገበሬው እህሉን ሳይሰበስብ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ መዋጮ አትጠይቁት። በፎገራ በኩል ሩዙ ከታጨደ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ እጁ ይፈታል፤ ጣሪያውም ዝናብ ሳይጥል ለመክደን ጊዜ ይኖራችኋል። ብር የሌለው ጉልበት ይስጥ። እምቦጭ የሚሉት የሐይቅ አረም መረቡን ያበላሸበት ዓሣ አስጋሪ በታንኳው አሸዋ ቢያመላልስ፣ ባለጋሪው ድንጋይ ቢጭን እሱም መዋጮ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ከባለብሮቹ እኩል ስሙ ይጻፍ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ፤ ወላጁ አላዋጣም ተብሎ ማንም ልጅ ከበር አይመለስ፣ ካርዱም አይያዝበት። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ነፃ ነው። በልጅ እንባ የሚሰበሰብ ብር ትምህርት ቤት አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብሩ ከተሰበሰበ በኋላ ወዳለው።

በአንድ የሐይቅ ዳር ትምህርት ቤት ግቢ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ለሁለት ክፍሎች ጣሪያ መዋጮ ጠየቀ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ዓሣ ሻጭ እናት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና «ያምናው ቆርቆሮስ የት ደረሰ?» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም። ስብሰባው ያለ አንድ ብር ተበተነ። ርዕሰ መምህሩ የሕዝብ ገንዘብ የነካ ሰው አልነበረም፤ ቆርቆሮው ተገዝቶ ለሌላ ክፍል ውሎ ነበር፣ ነገር ግን ለሕዝቡ የነገረው አልነበረም። በሚቀጥለው ስብሰባ የወመህ ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ይዞ ቆመና ቀስ እያለ መስመር በመስመር አነበበ፤ ቆርቆሮ ይህን ያህል፣ ምስማር ይህን ያህል ኪሎ፣ የጭነት፣ የአናጢ የእጅ ዋጋ፣ የተረፈ። ደረሰኞቹን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈ። ፊደል ያልቆጠሩት አረጋውያን ሳይቀሩ ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ያቺው እናት ከመቀነቷ ብር ፈታ የመጀመሪያዋ ሰጪ ሆነች። «ስሜን ጻፈው» አለችው። ቆሞ ጻፈላት።

ልጆቼ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በራሳችሁ ቴሌብር ወይም በግል የባንክ ሂሳብ አንድ ብር እንኳ አትቀበሉ፤ ሐቀኝነታችሁን የሚያውቅ ጓደኛ ብዙ ነው፣ የማያውቃችሁ ሰጪ ግን ይበልጣል። ሂሳቡ በትምህርት ቤቱ ወይም በወመህ ስም ይከፈት፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስ፤ ከሦስቱ አንዷ እናት ትሁን። ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ከመግዛታችሁ በፊት ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አምጡ። ዕቃው ሲገባ በንብረት ገቢ ቅጽ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በወጪው ቅጽ በሞዴል 22 ይመዝገብ፤ እንዲህ ያልተመዘገበ ስጦታ ከዓመት በኋላ ባለቤት አይኖረውም። ሥራው ሲያልቅ ገቢና ወጪውን በትልቁ ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፉ፣ በእድሩም ስብሰባ አንብቡ። በውጭ አገር ያሉ ተወላጆች ከላኩላችሁ ያንኑ ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው።

ስለ ፎቶ ካነሣሁ አይቀር፣ የተቀደደ ልብስ የለበሰ ሕፃን ፊቱን አሳይታችሁ አትለጥፉ። ያ ልጅ ነገ አድጎ ሥራ ሊፈልግ ይሄዳል፤ ምስሉ እዚያው ይጠብቀዋል። የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የተሰነጠቀውን ሰሌዳ አሳዩ፤ ይበቃል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ ስንቱን ትምህርት ቤት እንደዘጋ፣ ስንቱን ልጅ ከደብተር እንዳራቀ እናንተው አይታችኋል። የሚመለሱት ልጆች አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ደስ ይላቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ያመለጣቸውን ንባብና ሂሳብ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያስረዳ ታላቅ ወንድምና እኅት ነው። ያን ለመስጠት ሳጥን ማዞር አያስፈልግም። ብዙ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ቅዳሜ ግን ዝግ ነው፣ የሚከፍት ሰው ስለሌለ። ከእናንተ መካከል ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተራ ግቡና ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ክፈቱት። ዝቅተኛ ክፍል ያሉት ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ ከፍ ያሉት የሂሳብ ጥያቄያቸውን ይዘው ይምጡ። ቁልፉን ማን እንደሚይዝና መጽሐፍ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ የጥበቃ ሠራተኛውንም ስማችሁን አስመዝግባችሁ ተዋወቁት፣ ቅዳሜ በሩን የሚከፍትላችሁ እሱ ነው።