ኮርነር ቦታን ለማጠር ማህበሩ ምን ያህል ሥልጣን አለው?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን በመኖሪያ ቤት ማህበር የደረሰሽ ቦታ ኮርነር፣ ማለትም ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሆኖብሽ፣ ማህበሩ «በመንገዱ በኩል ድፍን አጥር አይቻልም፣ ማዕዘኑን ቁረጪ፣ በር በአንድ በኩል ብቻ» የሚል ደብዳቤ እንደሰጠሽና ማስገደድ ይችል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም እዚያው ከተማ በማህበር የሠራሁ ሰው ነኝ። የደረሰኝም ኮርነር ነው። ኮሚቴ ውስጥም ስለነበርኩ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

አጭሩ መልስ፦ በከፊል ይችላል።

በኅብረት ሥራ ማህበር የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የኮሚቴው አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዘሽ ሂጂና «ይህ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ» በያቸው። ጉባኤው ወስኖት መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ከገባ፣ አባል ነሽና ይይዝሻል። ሊቀመንበሩ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያሰበው ከሆነ ግን ምክር ነው፣ አመስግነሽ ትመለሻለሽ።

በሌላ በኩል ማህበሩ ማዘጋጃ ቤቱን አይተካም። የአጥር ፈቃድ የሚሰጠው ከተማው ነው። በሕንፃ አዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ ግንባታ አይጀመርም። ማህበሩ ከከተማው የጠበቀ ደንብ ቢያወጣ ያስኬዳል፤ የላላ ግን አያስኬድም። «ማህበሩ ፈቅዶልኛል» ብለሽ ብትሠሪ፣ ደንብ አስከባሪ ሊያፈርስ ሲመጣ ኮሚቴው አጠገብሽ አይቆምም።

አሁን ወደሚያናድድሽ ነገር ልምጣ፤ ወደ ማዕዘኑ። ቁረጪ ያሉሽ አጥርሽ ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ ሹል ሆኖ እንዳይወጣ፣ አግድም እንዲያልፍ ነው። እዚህ ላይ እኔ ከማህበሩ ጋር ነኝ። የመንገድ መሐንዲሶች ሲያሰሉ የሹፌር ዐይን ከመሬት 1.08 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዳለ ቆጥረው ነው። ድፍን ግንብሽ ከዚያ ካለፈ፣ ከጎን መንገድ የሚወጣው ሹፌር የመኪናውን አፍንጫ መሀል መንገድ ካላወጣ በስተቀር የሚመጣውን አያይም። አሜሪካም ብዙ ከተሞች ኮርነሩ አጠገብ ከ3 ጫማ፣ ማለትም ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ድፍን አጥር አያስወጡም። እኛ ዘንድ ደግሞ ባጃጁ አለ፣ ጀሪካን የጫነው አህያ አለ፣ ከትምህርት ቤት እየሮጠ የሚመጣው ልጅ አለ።

ለራስሽም ይጠቅምሻል። ከእኔ ማዶ ያለው ጎረቤት ማዕዘኑን ሹል አድርጎ አወጣው። ሰፈሩ ገና ግንባታ ላይ ስለሆነ ድንጋይና አሸዋ የጫነ አይሱዙ ሲመላለስ ነው የሚውለው። አንዱ ሲታጠፍ ፊቱ በደህና አለፈ፤ የኋላ ጎማው ግን ወደ ውስጥ ቆረጠና ኮለኑን ከሥሩ ነቀለው። ብሎኬቱ ተፈረካክሶ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ፌሮው ተጣሞ መንገድ ላይ ቀረ። ሹፌሩ «መንገዱ ጠባብ ነው» አለ፣ ጎረቤቴ «በካርታዬ ልክ ነው የሠራሁት» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በሽማግሌ ታረቁ፤ አጥሩ እንደገና ሲሠራ ግን ማዕዘኑ ተቆርጦ ነው የወጣው።

«መሬቴን ልነጠቅ ነው ወይ?» ላልሽው፣ ሳይት ፕላንሽን አውጪና እዪው። ማዕዘኑ ሥዕሉ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ቀድሞም ያንቺ አልነበረም። ሹል ሆኖ ከተሳለ ደግሞ ተቆርጦ የቀረው ከአጥር ውጭ ያለ የራስሽ ይዞታ ነው። ይህንን በጽሑፍ አስይዢው፣ በቃል አይበቃም። አበባ ትተክይበታለሽ፤ ከጉልበት በላይ የማያድግ ይሁን። ጽድ ከሆነ ግን እየከረከምሽ ካልያዝሽው እሱም ግንብ ይሆናል።

ድንጋይ ከማስጫንሽ በፊት ሰርቬየር አምጪ። ካርታው ላይ የየማዕዘኑ ኮኦርድኔት አለ፤ በመሣሪያ አውጥቶ ችካል ይምታልሽ። በጎረቤት አጥር መስመር በዐይን ግምት እንዳትሄጂ። ኮርነር ያልደረሰው፣ ከውስጥ ያለ ሰው ቢሳሳት ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል። አንቺ በሁለት በኩል የምትዋሰኚው ከመንገድ ጋር ነው፣ ከመንገድ ጋር ደግሞ መስማማት የለም።

ማህበሩን መከራከር ካለብሽ በዚህ ተከራከሪ፦ በወጪው። ቦታሽ 10 በ20 ነው እንበል። ከውስጥ ያለው ሰው የፊቱን 10 ሜትር ብቻውን ያጥራል፣ የቀረውን 50 ሜትር ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ያዋጣል። የ35 ሜትር ወጪ ነው። አንቺ ግን ፊቱን 10 እና ጎኑን 20 ለብቻሽ ትሸፍኛለሽ፣ የምትጋሪው 30 ብቻ ነው። የ45 ሜትር ወጪ ይሆናል። በዚያ ላይ ሠላሳውንም ሜትር በብረት ግሪል ሥሪ ማለት ከባድ ነው። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ የፊቱ በኩልና ማዕዘኑ አካባቢ ከታች አጭር የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ ግሪል፤ ረጅሙ ጎን ከማዕዘኑ ራቅ ካለ በኋላ ድፍን። ልብስ የሚሰጣው፣ እንጀራ የሚጋገረው በዚያ በኩል ነው፤ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ጓዳሽን ማየት የለበትም። የከተማውን ንፋስም ታውቂዋለሽ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ጉባኤ ላይ ይህን ስታስረጂ የሚቃወምሽ ብዙ አይኖርም።

ስለ መሠረቱ አንድ ነገር። አፈርሽ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ግንቡን በላዩ ላይ ብቻ ብታስቀምጪው በዓመቱ ይተረተራል። ጥቁሩን አፈር አስወጥተሽ ጠንካራው ላይ አሳርፊው። ግንቡ ሥር የውሃ መውጫ ይተውለት፣ በሁለቱም በኩል ያለውን ቦይም አትድፈኚው።

በሩን በተመለከተ፣ አንድ በር ይበቃሻል፤ ከማዕዘኑ አርቀሽ አድርጊው። ሁለተኛውን የፈለግሽው ለሱቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከማህበሩም ያልፋል። በሊዝ አዋጁ መሠረት የቦታን አገልግሎት ለመቀየር ከከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ቀነ ገደብ ካለው ሳያልፍብሽ በጽሑፍ መልሺ። ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ አስፈርሚና ከካርታው ጋር አስቀምጪው።