ሰብአዊ መብት ደጃፍ ላይ ይቀራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። መሥሪያ ቤታችን ማርች 8ን አክብሮ ነበር። አበባ ታደለን፣ ኬክ ተቆረሰ። ከዚያ አንድ ባልደረባችን ተነስቶ «ሴት ሰው አይደለችም እንዴ? ሰብአዊ መብት ካለ የሴቶች መብት ለብቻው ምን ያደርጋል? ይሄ ፈረንጆች ያመጡብን ነገር ነው» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ መልስ አጣሁ። ምን ልበለው?
ግራ የገባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረባሽ ግማሹን አግኝቶታል። ሴት ሰው ናት፣ መብቷም ሰብአዊ መብት ነው። ይህንኑ ወረቀት ላይ ለማስፈር ግን ስንት ዓመት እንደፈጀ ንገሪው።

መጀመሪያ የፈረንጁን ነገር እንጨርስ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲፈረም ከፈራሚዎቹ መካከል ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። የሴትና የወንድ እኩልነት ቻርተሩ ውስጥ ይግባ ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ከተሟገቱት መካከል የብራዚሏ ቤርታ ሉትዝና የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ሚኔርቫ ቤርናርዲኖ ይገኙበታል። የአሜሪካዋ ልዑክ ቨርጂኒያ ጊልደርስሊቭ ደግሞ፣ ሉትዝ በማስታወሻዋ እንደጻፈችው፣ ገና ከጅምሩ «ለሴቶች ብለሽ ምንም እንዳትጠይቂ» ብላታለች። ባልደረባሽ «ብራዚልም ያው ፈረንጅ ናት» ካለሽ ወደ እስያ ውሰጂው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲረቀቅ ስለ ጋብቻ የሚናገረው አንቀጽ 16 እንዲጸና የታገለችው የፓኪስታኗ ቤገም ሻይስታ ኢክራሙላህ ነበረች። ያለዕድሜና በግዳጅ መዳርን ለመዋጋት ይጠቅማል ብላ ነው። መግለጫው ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 (በነሱ አቆጣጠር) ፓሪስ ላይ በ48 ድምፅ ሲጸድቅ ስምንት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከደገፉት ናት። እንግዲህ ማን ነው ያመጣብን?

«ለብቻው ለምን?» ለሚለው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ሰብአዊ መብት ሲባል ለረጅም ጊዜ ሰው የሚያስበው መንግሥትን ነበር። እስር ቤት፣ ወታደር፣ ሳንሱር። ፖሊስ ጣቢያ የተደበደበ ሰው የመብት ጥሰት ደረሰበት ይባላል። ቤቷ ውስጥ በባሏ የተደበደበችውስ? ያ «የቤት ገመና» ነው። ሌላው ቀርቶ በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ለማስወገድ የወጣውና እኛም የፈረምነው እ.ኤ.አ. የ1979ኙ ስምምነት ስለ ጥቃት በቀጥታ የሚናገር አንድም አንቀጽ የለውም። ይገርማል አይደል? የሴቶች መብት ተሟጋቾች ይህን ይዘው ነው እ.ኤ.አ. በ1993 ቪየና ላይ በተደረገው የሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የመጡት። ከ124 አገሮች ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ፊርማ አሰባስበው ነበር፤ 33 ሴቶችም ከተለያዩ አገሮች መጥተው የደረሰባቸውን በሕዝብ ፊት መሰከሩ። ጉባኤው በመጨረሻ የሴቶች መብት ከሰብአዊ መብት የማይነጠል አካል ነው ብሎ ጻፈ። ባልደረባሽ «በቂ ነው» ያለው ሰብአዊ መብት ቤት ውስጥ የገባው እንዲህ ተለፍቶ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሚስቴን አክባሪ ነኝ፣ ለክርክር አይደለም። ግን ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ይበቃል። ሕግና መንግሥት ቤቴ ገብተው ምን ይፈተፍታሉ?
የሦስት ልጆች አባት፣ ከኮተቤ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሕጉ ድሮም ቤትዎ ውስጥ ነበር። እርስዎ ጋ ተቀምጦ ስለነበር አልታወቀዎትም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635ን ይመልከቱ። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የጋብቻ ዕድሜም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። ከዚያ በፊት የወጣው የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ከዚህ ይብስ ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ ይቀርለታል። እንግዲህ ልጅቷን ጠልፎ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አስታርቁኝ ብሎ ነጻ ይወጣ ነበር ማለት ነው። እዚያ ላይ ሽማግሌው ለማን እንደሠራ እርስዎ ይፍረዱ።

የተለወጠው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35፣ ቀጥሎም ሴት የሕግ ባለሙያዎች ባደረጉት ጉትጎታ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አለቃነቱን አስቀረ፣ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ። የጋራ ቤታችሁንም ያለ ሚስትዎ ፈቃድ መሸጥ አይችሉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን በጋብቻ ማጠብ አይቻልም አለ። አሁንም ያልተነካ ነገር አለ። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል አለበት፣ ስለዚህ ባል በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። በኔ አስተያየት ይሄ መነሳት አለበት።

ሽማግሌውን ማንም አልከለከለዎትም። በነገር ለተኳረፉ ጥሩ ነው። አጥንቷ የተሰበረውን ግን «ቻይው» ብሎ መመለስ ሽምግልና አይደለም።

ጥያቄ፦ ቤሩት ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም ፓስፖርቴን ይዛለች፣ እሑድም አልወጣም። ይሄ የምታወሩት መብት እኔንም ይጨምራል?

መልስ፦ ይጨምራል የኔ እህት። አንቺም ጋ ያለው በሽታ ያው «የቤት ጉዳይ» ነው። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አይመለከትም፣ ከፋላ የሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ደግሞ መኖሪያ ፈቃድሽን ከአሠሪሽ ጋር አስሮታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጄኔቫ ላይ ለቤት ሠራተኞች ያወጣው 189ኛው ስምምነት ፓስፖርትሽ በእጅሽ እንዲሆን፣ በሳምንትም 24 ሰዓት እንድታርፊ ያዛል፤ ሊባኖስ ግን አልተቀበለችውም። ቢሆንም አንድ ነገር አለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እዚያ የሚፈረመው ኮንትራት የሳምንት ዕረፍትን ይጠቅሳል። በዐረብኛ ስለሆነ የፈረምሽውን የምታነብልሽ ጓደኛ ፈልጊ። ኮንትራቱንና ካገኘሽው የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ የቤቱን አድራሻ ጨምረሽ ለቤተሰብሽ ላኪ፤ የቆንስላውንም ስልክ ያዢ። ይህን ሳታደርጊ ከቤቱ ጠፍተሽ አትውጪ፣ ያለ ወረቀት ከቀረሽ እስር አለና።