ኡልቲማ 5 ዜማ ያጣው ቺፑ ተበላሽቶ አይደለም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። በጀርመን የሚኖሩ አንድ አንባቢ ያገለገለ ኮሞዶር 64 የሚባል የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር ገዙ፤ ወፈር ያለ ቡናማ አካል ያለውን የቀድሞውን ሞዴል። ኡልቲማ 4 የሚባለውን ጨዋታ ሲጫወቱ ዜማው ጥርት ብሎ ይሰማቸው ነበር፤ ተከታዩን ኡልቲማ 5ን ሲጭኑ ግን የውጊያው ድምፅ እንጂ ዜማ አልነበረም። አንድ ጠጋኝ «ሲድ የሚባለው የድምፅ ቺፕ ሞቷል» ብሎ ነቀለና በኢንተርኔት የተገዛ ሌላ ተካላቸው። አሁንም ኡልቲማ 5 ዜማ የለውም፤ በዚያ ላይ ኡልቲማ 4 ድምፁ ደክሞ መሻከር ጀመረ።

የውጊያው ድምፅ ይሰማል ያሉትን እንዳነበብሁ ጥርጣሬዬ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ያንን ድምፅ የሚያወጣው ራሱ ሲድ ነውና፣ የሞተ ቺፕ ሰይፍ አያስጮህም። የመጀመሪያው ችግር ብልሽት አልነበረም ማለት ነው፤ በ1988 የወጣው ኡልቲማ 5 በኮሞዶር 64 ላይ ሲጫወቱት ከነጭራሹ ዜማ የለውም። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ብልሽት ነው፤ ያመጣውም ጥገናው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ይህን ነው።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን አስማሚ ይለኩ። የዚያ ዘመን አስማሚ ሲያረጅ የ5 ቮልቱ መስመር ወደ ላይ እያለፈ የሜሞሪ ቺፖቹን ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ሳይሰካ በመሰኪያው እግር 5 እና 2 መካከል ቀጥታውን 5 ቮልት፣ በ6 እና 7 መካከል ተለዋዋጩን 9 ቮልት በቴስተር ይለኩ። የመጀመሪያው ከ5.2 ካለፈ አስማሚውን ይጣሉት፤ ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ ለመጠገን አይድከሙ። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ሳልለካ ሰካሁና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ክዳኑን ስከፍት ከስምንቱ የሜሞሪ ቺፖች ሦስቱ ጣት አያስነኩም ነበር።

አስማሚው ደህና ከሆነ ኃይሉን አጥፍተው ሲዱን ይንቀሉና በጀርባው የታተመውን ቁጥር ያንብቡ። ሶኬቱ ባዶ እንደሆነ ኮምፒውተሩን አብርተው እግር 28 ላይ ይለኩ፣ ከዚያም መልሰው ያጥፉት፤ በእርስዎ ሞዴል 12 ቮልት ሊያገኙ ይገባል፤ ይህም 6581 የሚባለው ቺፕ ብቻ የሚችለው ነው። የተተካው 8580 ከሆነ የሚፈልገው 9 ቮልት ነውና በ12 እየተቃጠለ ነው፤ ተመልሶ እንዳይገባ። ቁጥሩ 6581 ሆኖ ጽሑፉ አዲስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ በአሴቶን ባረጠበ ጨርቅ ያሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ሌላ ቺፕ ተፍቆ የተጻፈበት ነው። በርካሽ የሚሸጠው «ያልተነካ ሲድ» አብዛኛው እንዲህ ያለ መሆኑን ስንቴ እንደተናገርሁ አላስታውስም። አሮጌው ቺፕዎ ካልተጣለ ያው እርሱ ይመለስ፤ ጎድጎዱ ወደየት እንደሚመለከት አይተው። ሶኬቱ በችኮላ የተበየደ ከሆነ የእያንዳንዱን እግር መስመር እስከሚቀጥለው አካል ድረስ ይፈትሹ፤ ካውያ ያለልክ ያሞቀው ሰሌዳ መዳቡን ይለቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አብርተው፣ ቤዚክ በተባለው የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ ፖክ በሚለው ትእዛዝ 54296 ላይ 15፣ 54273 ላይ 34፣ 54277 ላይ 0፣ 54278 ላይ 240፣ በመጨረሻም 54276 ላይ 17 ያስገቡ። የማያቋርጥ ድምፅ ከተሰማ ቺፑ ይሠራል፤ ለማቆም በመጨረሻው አድራሻ ላይ 16 ያስገቡ።

ዜማው ለምን እንደተተወ ማስረዳት ግን ሁልጊዜ ደስ ይለኛልና ትንሽ ይታገሱኝ። የኮሞዶር 64 ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ የሚያየው 65,536 ባይት ብቻ ነው፤ ስክሪኑ፣ የካርታው ምስሎች፣ የጨዋታው ትእዛዞች ሁሉ እዚያው ውስጥ ይጋፋሉ። ኡልቲማ 5 ደግሞ የከተማው ሰው እያንዳንዱ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄድበት፣ ማታ የሚተኛበት መርሐ ግብር ያለው ጨዋታ ነው፤ ይህም ቦታ ይበላል። ዜማ ሲጨመር ኖታዎቹና በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ የሚጠራው፣ ኖታዎቹን የሚያጫውተው ፕሮግራም ምን ጊዜም በሜሞሪ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። በየጊዜው ከዲስክ ይምጡ እንዳይባል፣ 1541 የሚባለው ዲስክ አንባቢ በተለመደው መንገድ በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ብቻ ያመጣል፤ ዜማው ሳይጀምር ጭራቁ ይበላዎታል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ዜማውን ለሁለት ጊዜ 64 ኪሎባይት ላለው ለኮሞዶር 128 አስቀሩት። ያው ዲስክ በ128 የራሱ ሞድ ሲነሣ ዜማው አለ፤ ያው ኮምፒውተር በ64 ሞድ ሲነሣ ግን ተጨማሪው ሜሞሪ ስለማይደረስበት እንደ እርስዎ ኮምፒውተር ይሆናል።

በሌሎቹ ኮምፒውተሮችም ነገሩ ይለያያል። በአፕል 2 ላይ ዜማ የሚሰሙት ሞኪንግቦርድ የሚባል ተጨማሪ ካርድ ካለ ነው። ዶስ በሚባለው የፒሲ ሥርዓት ላይ የወጡት የሁለቱም ጨዋታዎች የመጀመሪያ ቅጂዎች ግን ዜማ አልነበራቸውም፤ በዚያ የተነሣ የድምፅ ካርድ ለመግዛት እንዳይሮጡ።

የኡልቲማ 5ን ዜማ የግድ መስማት ከፈለጉ ኮሞዶር 128 ይፈልጉ፤ ዲስኩን አስገብተው ያብሩ፤ ሲያበሩ የኮሞዶርን ቁልፍ አይጫኑ፤ «ጎ 64» የሚለውንም ትእዛዝ አይጻፉ፤ ሁለቱም ወደ 64 ሞድ ይወስዱዎታል። የ128 አስማሚ መሰኪያው የተለየ ስለሆነ በቀድሞው አይተካም፤ እርሱንም ቢሆን በመጀመሪያ ብቻውን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሲሞቅ እንደገና ሳይለኩ አይሰኩት።