የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለትንሽ የናፍጣ ትራክተር ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) በራስ እጅ መሥራት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ቻይና ሠራሽ የእጅ ትራክተር አለኝ፤ ሞተሩ ኤስ195 ነው። ማርሚታው ዝገት በልቶት አልቋል፤ ዋናው ዕቃ ደግሞ በከተማችን አይገኝም። እዚሁ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል? የቱቦው ስፋትስ ስንት ይሁን? (ከአርሲ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ማንኛውም ላሜራ የሚጠቀልል ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በብየዳው ሳይሆን በልኩ ነው፤ ስለዚህ ልኩን ይዘው ይሂዱ።

ኤስ195 ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 815 ሲሲ ሞተር ነው። በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚስብ ወደ 700 ሊትር አየር ያስገባል። ያ አየር ተቃጥሎ በ450 ዲግሪ ገደማ ሲወጣ ግለቱ ያሰፋውና ከ1600 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህን ጋዝ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ለማሳለፍ በሰከንድ 55 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። ውስጡ 41 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 20 ሜትር ይበቃዋል። ያውም ይህ አማካዩ ነው፤ አንድ ሲሊንደር ጭሱን የሚገፋው በአንድ ትንፋሽ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ባለ 1 ኢንች ተኩል ቱቦ ይጠቀሙ። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የጭስ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ከዚያ ቀዳዳ የጠበበ ቦታ አይኑር።

ቱቦውን ሲገዙ ጥቁሩን ይጠይቁ። የውሃው ቱቦ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ዚንኩ በ419 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ሞተሩ አጠገብ አይቆይም፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም በያጁን ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ሌላ ከጠፋና ግድ ከሆነ፣ ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በግራይንደር ልጠው፣ ደጅ ወጥተው ይበይዱት።

የማርሚታው ሆድ ከሲሊንደሩ ይዘት ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን። ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 44 በ35 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ቢጠቀልሉት 14 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ከ5 ሊትር በላይ የሚይዝ ሆድ ያገኛሉ። ለሁለቱ ጫፎች 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ክብ አድርገው ይቁረጡ። መግቢያውና መውጫው ቱቦ በመሃል ፊት ለፊት አይተያዩ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች 3 ሳንቲ ሜትር ከመሃል ይራቁ። መግቢያው 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ በላሜራ ይደፈናል፤ ጎኑ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ይበሳል። 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ 55 ቀዳዳዎች፣ ዙሪያውን በ5 ረድፍ እያንዳንዱ 11 አድርገው ይብሱ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የቀዳዳዎቹ ድምር ስፋት ከቱቦው አፍ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ነው። 20 ወይም 25 ቀዳዳ ብቻ በስተው «ድምፁ እንዲቀንስ» የሚሉ አሉ፤ ድምፁ በእርግጥ ይቀንሳል፣ ሞተሩም አብሮ ይታፈናል። መውጫው ቱቦ 12 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ሆዱን ከመጠቅለል ይልቅ ያለቀ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ቢያገኙም ጥሩ ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። መጀመሪያ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፣ ራሱን ፈትተው ዱቄቱን ያራግፉ። የነዳጅ በርሜል ቁራጭ ወይም የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ግን ተዉት። ባዶ የሚመስለው ዕቃ ውስጥ የቀረ ትነት በመጀመሪያው የብየዳ ብልጭታ ይፈነዳል።

ፍላንጁ (ቱቦውን ከቴስታታው ጋር በብሎን የሚያስረው ጠፍጣፋ ብረት) 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ይሠራል። ወፍራም ካርቶን በግሪስ ቀብተው ቴስታታው ላይ ቢጫኑት የብሎኖቹና የቀዳዳው ቅርጽ ይታተምበታል፤ ያንን ቆርጠው ብረቱ ላይ ያሥምሩ። ቱቦውን ከመበየድዎ በፊት ፍላንጁን በራሱ ብሎን ሌላ ወፍራም ብረት ላይ እሰሩት፤ ካልታሰረ ሙቀቱ ያጣምመዋል። በ4 ቦታ በነጥብ ብየዳ ከያዙት በኋላ ተቃራኒ ተቃራኒውን እያፈራረቁ በ2.5 ሚሊ ሜትር 6013 ኤሌክትሮድ፣ ከ70 እስከ 80 አምፔር ላይ ይበይዱ። እስኪቀዘቅዝ አይፍቱት። ከዚያ በኋላ መስታወት በኩራዝ ጥላሸት ቀብተው ፍላንጁን ፊት ለፊት ያሹበት፤ የጠቆረው ቦታ ከፍ ያለው ነው፣ በሞረድ ያንሱት። ዙሪያውን እኩል እስኪጠቁር ይድገሙት። ይህን የሚያክል ሥራ ዘልለው «ጓርኒሲዮኑ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ይሞላዋል» ማለት ከሁለት ቀን በኋላ ጭስ ፊትዎ ላይ እንዲተፋ መፍቀድ ነው። ጓርኒሲዮኑ መዳብ ወይም ግራፋይት ይሁን፤ የድሮው የአስቤስቶስ ወረቀት ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲያበቃና ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ዳግም ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ማርሚታ ቀይሬ ካስገባሁ ወዲህ ትራክተሬ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ጥፋቱ የማርሚታው መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ከደብረ ብርሃን አካባቢ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ደጋ ላይ መሆንዎን አይርሱ። በ2400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ እርስዎ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለቆላ የተስተካከለ የናፍጣ መጠን ደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ጥቂት ጥቁር ጭስ ማርሚታ ሳይቀየርም ይኖራል። የአየር ፊልትሮውንም አውጥተው ይዩ፤ አቧራ የሞላው ፊልትሮና የታፈነ ማርሚታ ምልክታቸው አንድ ነው።

ከዚያ ይለኩት፤ መለኪያው በርካሽ ይሠራል። ከፍላንጁ ጥቂት ዝቅ ብለው ቱቦውን ይብሱና ትንሽ ዳዶ ይበይዱበት። ግማሽ ሜትር የመዳብ ቱቦ ያያይዙበትና ጫፉ ላይ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ይሰኩ። ፕላስቲኩን እንደ «ዩ» ቅርጽ አጥፈው 2 ሜትር ቁመት ያለው ጣውላ ላይ ይሰሩት፤ ግማሹን ውሃ ይሙሉት፣ ሌላኛው ጫፍ ክፍት ይሁን። መዳቡ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ ሸክም ይዞ ሲሠራ (ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ማገናኘት ከማረስ ይቀላል) በሁለቱ በኩል ያለውን የውሃ ከፍታ ልዩነት ያንብቡ። ውሃው ቢዘልልብዎ አንድ ቦታ ላይ ቱቦውን ቆንጠጥ ያድርጉት። ልዩነቱ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማርሚታው ደህና ነው፤ ከ80 ካለፈ ሞተሩ ታፍኗል። ያለ ሸክም የተነበበ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም።

ታፍኖ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ መውጫው ቱቦ ከመጠን በላይ ገብቶ የተደፈነውን ጫፍ ሊነካ ቀርቧል፤ ቀዳዳዎቹ አንሰዋል፤ ወይም የውሃ ቧንቧ ክርን ተደጋግሟል። የመጨረሻውን ሰው አይጠረጥረውም። አንድ ባለ 90 ዲግሪ የቧንቧ ክርን 1.2 ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ የሚያክል ተቃውሞ አለው። ቱቦውን ራሱን ማጠፍ ይሻላል፤ በደንብ በደረቀ አሸዋ ሞልተው፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ደፍነው፣ እስኪቀላ አግለው ቀስ ብለው ያጥፉት። አሸዋው ትንሽ እንኳ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ስለሚተኩሰው፣ ቀድሞ ምጣድ ላይ ይቆላ።

ጥያቄ፦ ወደ ላይ የቆመው ጭስ ማውጫዬ ሁልጊዜ ፍላንጁ ሥር ይሰነጠቃል። አምስቴ አስበይጃለሁ። (ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ፦ ስድስተኛውም ይሰነጠቃል፤ ጥፋቱ የብየዳው አይደለም። 1 ሜትር የሆነ ባለ 1 ኢንች ተኩል የውሃ ቱቦ 3.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሲንቀጠቀጥ ያ ክብደት ሥሩን ያለማቋረጥ ያወዛውዘዋል። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ቢያደርጉ ክብደቱ ወደ 2.3 ይወርዳል፤ ቁመቱንም ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩት። ከዚያ ከመሃሉ ድጋፍ ብረት አውጥተው ከሞተሩ ብሎክ ጋር ይሰሩት። ከጭቃ መከላከያው ወይም ከመሪው እጀታ ጋር ካሰሩት ሞተሩ ወዲህ፣ ሻንሲው ወዲያ ሲነቃነቁ ቱቦው በመሃል ይቀደዳል።

ያለውን ስንጥቅ ከላዩ ብቻ አይሸፍኑት። ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፣ ስንጥቁን በግራይንደር ከፍተው ይሙሉት። የተሰነጠቀው ክፍል ቀልጦ የተቀዳ ብረት (ካስት አይረን) ከሆነ ተራ ኤሌክትሮድ አይይዘውም፤ የኒኬል ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፣ ከብየዳ በፊት ይሞቃል፣ ከብየዳ በኋላም አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ በትራክተሩ ሞተር ጤፍ እንወቃለን። ከጭስ ማውጫው የእሳት ፍንጣሪ ሲወጣ አይተን ፈራን። ጎረቤታችን «ጭሱን በውሃ ባልዲ ውስጥ አሳልፈው» ይለናል። (ከአዳ)

መልስ፦ የጎረቤትዎን ምክር አይከተሉ። ቱቦው ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ግፊት ይጨምራል፤ ከላይ ያልነውን የ60 ሳንቲ ሜትር መጠን በቀላሉ ይበላዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ውሃውን ወደ ሲሊንደሩ ሊስበው ይችላል።

ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ቀዳዳው ከ0.6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ወንፊት ይበቃል። ነገር ግን የቱቦውን አፍ ላይ ብቻ ከጣሉት ይደፈናል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅርጫት አድርገው ጫፉ ላይ ይሰሩት። በየ50 የሥራ ሰዓቱ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ፍንጣሪው የተከማቸ ጥላሸት ስለሆነ ማርሚታውንም ፈትተው ያራግፉት። አውድማው ላይ ሞተሩን ሲያቆሙ ነፋሱ ከክምሩ ወደ ሞተሩ የሚነፍስበትን አቅጣጫ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ዝናብ በጭስ ማውጫው ቢገባስ? (ከጅማ)

መልስ፦ ጭስ ቫልቩ ተከፍቶ ከቆመ ውሃው ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ውሃ አይታመቅም፤ ስለዚህ ሞተሩን በማንቬላ በጉልበት ቢያስነሱት የፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል። የቱቦውን ጫፍ 45 ዲግሪ ቆርጠው ወደ ኋላ ያዙሩት፣ ማታ ማታ ባዶ ቆርቆሮ ይድፉበት። ከማርሚታው ሆድ ዝቅተኛ ቦታ ላይም 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ይህ ቀዳዳ ለዝናብ ብቻ አይደለም፤ 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 1 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ ማርሚታው ቀዝቃዛ ሲሆን ያ እንፋሎት ውስጥ ጤዛ ሆኖ ላሜራውን ያዝገዋል። ዝናብ ገብቷል ብለው ከጠረጠሩ የግፊት ማላቀቂያውን ከፍተው፣ ናፍጣውን ዘግተው፣ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው 20 ጊዜ ያህል ያዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ከያዘዎት አያስገድዱት፤ ኖዝሉን (ናፍጣ የሚረጨውን ዕቃ) ፈትተው ውሃውን በዚያ በኩል ያስወጡ።