የእሁዱ ቁሌት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኔን ቤት የምታወሪ ነው የመሰለኝ። "ከሥራ 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ፣ ልጆቹ 2 ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው፣ በየማታው ፓስታ መቀቀል ሰለቸኝ፣ ምን ልሥራ?" ነው ያልሽው። እኔም ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ታክሲ ሰልፍ ይዞኝ ከአንቺም አምሽቼ የምገባበት ቀን ብዙ ነው።

ማታ ማታ ጊዜዬን የሚበላው ሽንኩርት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት ሲባል አንድ ሰዓት ሄደ። ስለዚህ ሥራውን ወደ እሁድ አዞርኩት።

እሁድ ከሰዓት 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እንከትፋለን። "እንከትፋለን" ያልኩት ባለቤቴም ስላለበት ነው፤ እንባው እየወረደም ቢሆን ይከትፋል። መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የማቁላላው። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ግማሽ ሲሆን ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ። እዚህ ጋ አትቸኩዪ፤ በደንብ ያልተቁላላ በርበሬ የፈለግሽውን ብታደርጊ ጥሬ ጥሬ ይላል። መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ሲቀዘቅዝ በአራት ዕቃ እከፍለዋለሁ፤ ሁለቱ ፍሪጅ፣ ሁለቱ ፍሪዘር። ቅቤ አልነካካውም። እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ቅቤ የገባበት ቁሌት በነዚያ ቀናት ሥራ ፈት ነው። በፍስክ ቀን ወጡ ሲወጣ ትንሽ ጣል ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ ሰኞ ማታ። ሽሮ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ለአምስት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቁሌት አሙቂ፣ 3 ብርጭቆ ውሃ ጨምሪና ይፍላ። 1 ብርጭቆ ምጥን ሽሮ ለብቻው በ1 ብርጭቆ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ (በጥባጭ መሆን የሚያዋጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው)። ከዚያ እያማሰልሽ የፈላው ላይ ጨምሪው። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ዱቄቱን እንዳለ ዘረገፍኩት። ተጓጎለ። ትልቁ ልጄ ጓጓላውን እየለቀመ ትሪው ዳር ደረደረው፣ ቆጠረውም። 11! አንዱን ሲሰነጥቀው ውስጡ ደረቅ ዱቄት።

ሽሮው ከገባ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ ገርበብ አድርገሽ ክደኚ። ሲንተከተክ ይፈናጠራል፤ ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ። 20 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የጥሬ ሽታው ሲጠፋ ደርሷል። ከወፈረብሽ የፈላ ውሃ ጨምሪበት። ጨው፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ አለቀ። እሱ እስኪበስል ቲማቲም በሎሚ ቁርጥ ቁርጥ አድርጊ።

እንጀራ ከሰፈር ሱቅ ነው የምገዛው። ቤት ካልተጋገረ የቤት እራት አይባልም የሚሉ ሰዎች መጥተው ይጋግሩልኝ።

በዚያው ቁሌት ሌላ ቀን የምስር ክክ ወጥ ትሠሪያለሽ፣ ከሥራ በጣም ደክሞሽ ከገባሽ ደግሞ ፍርፍር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ በአንድ ትሪ ብሉ። ለየብቻ በሳህን ሳቀርብ አንዱ ከስልኩ፣ አንዷ ከቴሌቪዥኑ ጋር ነበር እራት የሚበሉት። ትሪ ላይ ግን የዘገየ ሰው ወጡ ያልቅበታል። ጠሪም አያስፈልግ፣ እየተሯሯጡ ነው የሚመጡት።

የተረፈውን ፍሪጅ አስገብቼ ጠዋት እንጀራ እፈተፍትበትና ለልጆቹ ምሳ ዕቃ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ግን ጠዋት ዕቃውን ስከፍተው ተጠርጓል። ባለቤቴን ብጠይቀው "እኔ አይደለሁም" አለ። ድመት የለንም።