ምች ነው ብዬ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ፊቴ ግን መቃጠሉን አልተወም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉንጬና አፍንጫዬ እየጋለ ያቃጥለኛል። ምጣድ ላይ ስቆም፣ ፀሐይ ሲመታኝ፣ ትኩስ ነገር ስጠጣ ይብሳል፤ ብጉር የመሰለ ሽፍታም ይወጣብኛል። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ፤ አልተሻለኝም። በኋላ ከፋርማሲ ቅባት ተሰጠኝና በሳምንቱ ፊቴ ጥርት አለ፤ ስተወው ግን ብሶ ተመለሰ። አሁን ስድስት ወር ሆነኝ፣ ሳልቀባ መዋል አልቻልኩም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከቅባቱ እንነሣ። ስሙን አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን በሳምንት ፊት የሚያጠራ፣ ሲተዉት ደግሞ ብሶ የሚመለስ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው። ቲዩቡን ያንብቡት። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ትሪያምሲኖሎን የሚል ቃል ካዩ ነገሩ እሱ ነው። ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለም አለ፤ ሰው «የፈንገስ ቅባት ነው» እያለ የሚቀባው ይህንኑ ነው። ስቴሮይድ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ብግነቱንም ያፍናል፤ ጥርት ያሉት ለዚህ ነው። እያደር ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ መድኃኒቱ ሲለቃቸው ሥሮቹ ከበፊቱ ይልቅ ይሰፋሉ፣ ማቃጠሉም ይበረታል፣ እርስዎም ተመልሰው ይቀባሉ። አሁን ከሚያቃጥልዎት ውስጥ ግማሹ በሽታው ቢሆን ግማሹ ቅባቱ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከሥሩ ያለው በሽታ ሮዜሺያ ይመስላል። ምች የምንለው ብዙውን ጊዜ ከንፈርና አፍንጫ አካባቢ ውሃ የሚቋጥር፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ደርቆ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት አይቆይም። ሮዜሺያ ግን የፊትን መሐል ማለትም ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ይይዛል፤ እየመጣ እየሄደ ለዓመታት ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት በኋላ ይጀምራል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ደምቆ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ስለዚህ ቀለሙን ትተው ስሜቱን ይከተሉ፤ ጉንጭዎ ይግላል? ውሃና ሳሙና ያቃጥለዋል? ድንገት ደም የሞላው ይመስላል? በቀን ብርሃን ጉንጭዎን በጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ ለአፍታ ገርጥቶ ተመልሶ ከጠቆረ ወይም ከቀላ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ሊሆን ይችላል። ከብጉር የሚለየው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ስለሌሉት ነው። የደም ምርመራ የለውም፤ ሐኪም አይቶና ጠይቆ ነው የሚለየው።

አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ከመጠጥም አይደለም። አረቄ ሊያነሣሣው ይችላል፤ በሽታውን ግን አይፈጥረውም። አፍንጫው ያበጠና የቀላ ሰው ሁሉ «ጠጪ ነው» መባሉ የብዙ ሰው ስም ያለ ጥፋቱ አጥፍቷል፤ የአፍንጫው ቆዳ የሚወፍረው ሮዜሺያው ሳይታከም ሲቆይ ነው፣ በተለይ በወንዶች ላይ።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብርዱ ግን ፀሐይዋን እንድንዘነጋት ያደርገናል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ፣ ከሰዓት ነፋስ፤ ለሮዜሺያ ፊት ከዚህ የሚከብድ አየር ማግኘት ያስቸግራል። የተሸፈነ ፊት ሁሉ የተጠበቀ እንዳይመስልዎት፤ ሳስቶ የተሸመነ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል። እጥፍ አድርገው ይልበሱት፣ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ፣ ወይም ጃንጥላ ይያዙ። የፀሐይ መከላከያ ከገዙ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት፣ ሽታ የሌለው፣ ኤስፒኤፍ (SPF፣ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት የተጨመቀ ነው፤ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ይቀባና «አልሠራልኝም» ይላል። ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነም ያስቡበት፤ ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆላ መግባት ራሱ ፊትን ያቀጣጥላል።

ከሁሉም በላይ ግን የእርስዎ ጉዳይ ምጣዱ ነው። መጋገሩን ይተዉ አልልም፤ እንጀራዎ ነው። የሚጎዳዎት እሳቱ ብቻ ሳይሆን አክንባሎው ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ነው። አክንባሎውን ወደ ራስዎ አይክፈቱት፤ የሩቁን ጠርዝ መጀመሪያ አንሡና እንፋሎቱ ወደ ወዲያኛው ይሂድ፣ እስኪወጣ ፊትዎን ዘወር ያድርጉ። በእንጨት የሚጋግሩ ከሆነ ጭሱ ዓይንንም ይጎዳልና ምጣዱን ከግድግዳው አርቀው በርና መስኮት ትይዩ ያድርጉት። በየአሥር እንጀራው ለአምስት ደቂቃ ወጣ ብለው ፊትዎን ያስተንፍሱ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጉንጭዎ ላይ ያሳርፉ፣ ግን አይሹ። በረዶ የመሰለ ውሃ መርጨት አይጠቅምም፤ የደም ሥሮቹ ተኮማትረው መልሰው ይሰፋሉ።

ቡናውስ? ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቡናው ሳይሆን ትኩስነቱ ነው። አቦሉን ለብ ሲል ይጠጡት፤ ከከሰሉም ራቅ ብለው ይቀመጡ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ አንዳንዱን ሰው ያነሣሡበታል፣ አንዳንዱን አይነኩም። ሁሉን በአንዴ አይከልክሉ፤ በተለይ በጾም ጊዜ ሽሮውንም ካስቀሩ የሚበላ አይተርፍም። ለሦስት ሳምንት በደብተር ይጻፉ፤ ፊትዎ የጋለበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበሉትን፣ የጠጡትንና የሠሩትን። የሚደጋገመውን ብቻ ይቀንሱ።

ፊትዎን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ። የልብስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ ከዚህ ፊት ይራቁ፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ጤነኛው የማይሰማውን ነገር ሁሉ ያቃጥለዋል። ፎጣ አይፈግፍጉ፣ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ። ሲወጡ በነፋስ እንዳይደርቅ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ስስ አድርገው ይቀቡ።

መድኃኒቱን ሐኪም ነው የሚያዝልዎት። ለሽፍታው በአብዛኛው የሚጀመረው 0.75 በመቶ ሜትሮኒዳዞል ጄል ወይም ክሬም ነው። ታጥበው ካደረቁ ከ15 ደቂቃ በኋላ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ለመላው ፊት፣ ጠዋትና ማታ። ሽፍታው ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሕመሙ ያለው በመላው የፊት መሐል ነው። ለውጡ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው እንዳይጥሉት። ፋርማሲ ውስጥ ለድድ ወይም ለማህፀን የተዘጋጀ የሜትሮኒዳዞል ጄል ቢቀርብልዎ አይውሰዱ፤ የድዱ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ማጥፊያ ሊኖርበት ይችላል፣ ያ ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል። ለአሜባ የሚዋጠውንም ክኒን ፈጭተው ፊት ላይ አይነስንሱ። ሌሎች አማራጮች በቀን አንዴ የሚቀባ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን፣ ወይም በቀን ሁለቴ የሚቀባ 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ ናቸው፤ ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል፣ ሽፍታው የተወውን ጥቁር ምልክት ግን ያደበዝዛል። የሰፉትን የደም ሥሮች ጄል አያጠፋቸውም፤ እሱ የሌዘር ሥራ ነው።

ሽፍታው ከበዛ ዶክሲሳይክሊን የተባለ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፣ ከዋጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኙም፤ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ከወተት፣ ከአይረን ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም እርግዝና ከጠረጠሩ አስቀድመው ይንገሩ፤ አይሰጥም።

ስቴሮይዱን ለስድስት ወር ከቀቡ በኋላ ማቆሙ ቀላል እንዳይመስልዎት። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ፊትዎ ሊያብጥ፣ ሊልጥና ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ መርገቡም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። አንዳንድ ሐኪም በአንዴ ያስቆማል፣ አንዳንዱ ለአጭር ጊዜ ወደ ደካማ ስቴሮይድ ማለትም ሃይድሮኮርቲሶን አውርዶ ያስቆማል፤ ብዙውን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን አብሮ ይጀመራል። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ቢቀቡት እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

ሳይቆዩ ሐኪም ማየት የሚገባዎት ደግሞ እነዚህን ሲያዩ ነው። ዓይንዎ አሸዋ የገባበት ያህል ቢቆረቁርዎ፣ የዓይንዎ ቆብ ጠርዝ ላይ ብጉንጅ ቢደጋገምዎ ሮዜሺያው ዓይን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ ለብ ያለ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ በተከደነ ዓይን ላይ ያድርጉ። ብርሃን ካመመዎት ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ግን በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ፊት ላይ ያለው ሽፍታ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ሳያም ቀስ እያለ እያበጠና እየተቀረፈ ለወራት ካልዳነ ቁንጭር (የቆዳ ሌሽማኒያሲስ) ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰድለት፤ በደጋው አገራችን ያለ በሽታ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ቁስልና ድካም ከተጨመረ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳይሆን ይመረመራል። የደነዘዘ፣ ንክኪ የማይሰማው ቆዳ ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሆነ ለሌላው የቆዳ ችግር አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው።

ለቀጠሮው የቅባቱን ቲዩብ ይዘው ይሂዱ፤ ባዶ ቢሆንም አይጣሉት። ምጣድ ላይ ቆይተው ፊትዎ ጋል ባለ ሰዓት በቀን ብርሃን በስልክ ያነሡት ፎቶም ያስፈልጋል፤ ምርመራ ክፍል ሲደርሱ ፊትዎ በርዶ ሊጠብቅዎ ይችላልና።